«ድኗል» ያልኩበት ቀን

(በተመራቂዎች ማኅበር የዳግም ግንኙነት ቀን ሐረር ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዘጋጆቹ አንዱ ሲደውልልኝ «አቦ፣ ተራህ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰው እንዳያንቀላፋ ስለ ኳስ አውራልን» ነው ያለኝ። እሺ፣ ስለ ኳስ አወራለሁ። ግን አስቀድሜ ልናገር፤ የማወራው ስለ አንድ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው።

ስፖርት ሳይንስ ተምሬ እንደወጣሁ አብራችሁኝ የተመረቃችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእግር ኳስ ቡድኖች ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ የሥራ መደቤ ረጅም ስም አለው። ሜዳ ላይ ግን አንድ ስም ብቻ ነው ያለኝ፦ ወጌሻ። ተጫዋች ይወድቃል፣ ዳኛው በእጁ ይጠራኛል፣ ቦርሳዬን ይዤ እሮጣለሁ፣ ተመልካቹ በአሯሯጤ ይስቃል። ድሮ ይህ ስም ያናድደኝ ነበር። ዲግሪ ይዤ እንዴት ወጌሻ እባላለሁ እል ነበር። አሁን አያናድደኝም፤ ለምን እንደሆነ ስቀጥል ትሰማላችሁ።

ታሪኩ የአንድ ልጅ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን እንዳልጠራ ለምኖኛል። ስለዚህ በመለያ ቁጥሩ «ዘጠኙ» እያልኩ ልቀጥል።

ዘጠኙ የሸዋ በር ልጅ ነው። ከሐረር ርቃችሁ ለኖራችሁት ላስታውስ፤ ሸዋ በር ከጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፣ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን መሠራቱን፣ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና መመዝገቧን አስጎብኚ ሁሉ ይነግራችኋል። እኔ የምነግራችሁ ከበሩ ውጪ ስላለው ገበያ ነው። የዘጠኙ እናት እዚያ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ጥላ ዘርግታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ልጁ ያደገው በዚያ ጥላ ሥር ነው። መጀመሪያ የመታው ኳስ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ነበር። ግቡ ሁለት ድንጋይ፣ ሜዳው ዳገት። ዳገት ላይ የተጫወተ ልጅ ኳስ የት እንደምትንከባለል ቀድሞ ያውቃል፤ ይህ ልጅም የሚያውቀው እሱን ነበር። ፈጣን አልነበረም፣ ረጅምም አልነበረም። ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ላይ ግን ከማንም ቀድሞ ይገኝ ነበር።

19 ዓመቱ ላይ በአንድ የውድድር ዘመን 14 ግብ አስቆጠረ። ከአዲስ አበባ ሊያዩት የመጡ ሰዎች ነበሩ። እናቱ ገበያ ውስጥ «የዘጠኝ ቁጥሩ እናት» መባል ጀመረች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ማንም ሳይነካው፣ ጉልበቱ ከዳው።

«ማንም ሳይነካው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው በክፉ ታክል ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ተጫዋቹ እየሮጠ ድንገት ይቆማል፣ ወይም ለመታጠፍ እግሩን ይተክላል፤ እግሩ መሬት ላይ ይቀራል፣ ሰውነቱ ይዞራል። በጉልበት ውስጥ በመስቀል የተቀመጡ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው የታችኛውን አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ነው። የዘጠኙ የተበጠሰው እሱ ነው። እኔ ከመስመር ውጪ ቆሜ አልሰማሁትም፣ እሱ ግን «ጋሼ፣ ውስጤ የሆነ ነገር ጧ አለ» አለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነስቶ ሲራመድ አይተን «አልሃምዱሊላህ፣ ተመስገን፣ ቀላል ነው» ተባባልን። ማታ ጉልበቱ እንደ ሎሚ ከረጢት አበጠ።

እኔ በረዶ ይዤ ከቤታቸው ስደርስ እናቱ ወደ ባህል ወጌሻ ወስዳዋለች። ተናደድኩ። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ፣ ልጁን ለማሻሸት ይወስዱታል! ተከትዬ ሄድኩ። ሽማግሌው ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ አድርገው ወደ ፊት ሳብ አደረጉት። ከዚያ ለቀቁትና እናቱን «ይህ የኔ ሥራ አይደለም። አጥንት ቢሆን አቃናው ነበር። ውስጡ የሚይዘው የለም። ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ማንም እንዳያሸው» አሏት።

እኛ በትምህርት ቤት በስም የተማርነውን ምርመራ ነው ያደረጉት። ከዚያም ከኔ በፊት የሥራቸውን ዳርቻ አውቀው እጃቸውን አነሱ። ወጌሻ መባል የማያናድደኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ግን ከሰባት ወር በኋላ እሳቸው ያደረጉትን ማድረግ አቃተኝ።

ኤምአርአይ ተነሣ፣ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ቡድኑ የቻለውን ሰጠ፤ የጎደለውን የሸዋ በር ሰው ሞላው። የእድሩም የአፎቻውም ሰው አዋጣ። የገበያው ሴቶች የእቁባቸውን ዕጣ አሸጋሽገው ተራዋ ሳይደርስ ለእናቱ ሰጧት። ያ ጅማት የተሰፋው በሽንኩርት ገንዘብ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ትንሽ ትምህርት ልስጣችሁ፤ መምህራን ስላላችሁ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ።

የተበጠሰው ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይሰፋም፤ ከራሱ ከታካሚው ሌላ ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተከላል። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት እየጠነከረ የሚሄድ ይመስላችኋል። አይደለም። ሰውነት የራሱ እስኪያደርገው ድረስ መጀመሪያ ይደክማል፣ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው፣ ከዓመት በላይም ሊወስድ ይችላል። ችግሩ ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል። እብጠቱ ይጠፋል። ልጁ ይሮጣል፣ «ምንም አይሰማኝም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሕመም መጥፋቱና ጅማት መጽናቱ በአንድ ቀን አይመጡም። የጭን ጡንቻ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ይሟሽሽና ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል።

ጥናቶቹ የሚሉትን በአጭሩ፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎችን ውጤት አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ100 ሰው 81 ያህሉ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ይመለሳሉ። ቀድሞ ወደነበሩበት ደረጃ የሚመለሱት 65 ያህል ናቸው። ወደ ውድድር የሚመለሱት 55 ያህል ብቻ። ሌላ ጥናት ደግሞ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ካልተመለሱት ብዙዎቹ ደግሞ ጉልበታቸው አልጸና ብሎ አይደለም የቀሩት፤ እንደገና እንዳይጎዱ ፈርተው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያኔም አውቃቸው ነበር። ስህተቴን ስህተት የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት።

መሣሪያ አልነበረንም። ክብደቱን ከአሸዋ ከረጢት ሠራን። ደረጃ አጣን ሳንል የጀጎልን ቁልቁለትና ዳገት ተጠቀምን። ጭኑን የምለካው መኪና ግርግር ካለ አንድ ልብስ ሰፊ በተዋስኩት ሜትር ነበር። ሰውዬው «የማን ሱሪ ነው የምትሰፋው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ሲሞላው የቀኝ ጭኑ ከግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ቀጥኖ ነበር። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። ከእናቱ ጋር ማለዳ ይነሳል፣ እሷ ወደ ገበያ፣ እሱ ወደ እኔ።

ስድስት ወር ተኩል ሲሆነው ትልቁ ጨዋታ መጣ። ከማን ጋር እንደሆነ ይቅር። ቡድኑ ነጥብ ያስፈልገው ነበር፣ ሌሎቹ አጥቂዎች ግብ ማግባት ረስተዋል፣ ደጋፊው ዘጠኙን በስሙ እየጠራ ይዘፍናል። በዋዜማው ለካሁት። ጭኑ ገና በ2.5 ሴንቲ ሜትር ይቀጥናል። በአንድ እግር ሲዘል በጤነኛው 180 ሴንቲ ሜትር፣ በተጎዳው 135። ይህ 75 ከመቶ ነው፤ ዝቅተኛው መስፈርት 90 ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ተጠራሁ።

«ወጌሻ፣ ልጁ ድኗል አልዳነም?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ተገድጄ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ዝም ብለው አዩኝ፤ እኔም ደስ ሊያሰኛቸው የሚችለውን መልስ ፈለግሁ። ልጁም በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ይለምነኛል። «ድኗል፣ ለትንሽ ደቂቃ ይችላል» አልኩ። ደብተሩን አልከፈትኩትም።

ሐረር ላይ ስለ ጅብ ለማንም ምክር አይሰጥም፤ ግን «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቼ ነበር!

በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። ስታዲየሙ ተነሳ። ስምንት ደቂቃ ያህል እንደቆየ ከግራ በኩል ኳስ ተሻገረች፤ ዘጠኙ ድሮ የሚኖርባት ቦታ ላይ ወደቀች። ተከላካዩ ከኋላው መጣ። እግሩን መዘርጋት ብቻ ነበር የቀረው። አልዘረጋም። ሰበሰበው። ኳሷ አልፋ ሄደች።

ጉልበቱ እንደገና አልተበጠሰም። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ጋ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ «እግዚአብሔር አተረፈው፣ ስህተትህ ጉዳት አላመጣም» ይሉኛል። ጉዳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከትሪቡን አንዱ «ፈሪ!» አለ። ቀጥሎ ሌላው። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ገና ኳስ ሳይነካ። ስምንት ጨዋታ ያለ ግብ አለፈ። ጋዜጠኛው «ጉዳቱ ድኖ ሳለ ብቃቱ ያልተመለሰው» ብሎ አወራበት። የቡድን ጓደኞቹ ኳስ መስጠት ቀነሱ። እሱም ቦታ መያዝ ተወ፤ ኳሷ የማትመጣበት ቦታ እየመረጠ ይሮጥ ጀመር።

እግር ኳስ ለሳተ ሰው ይቅርታ ያውቃል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ ሳላዲን ሰዒድ ዛምቢያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፣ ሀገር ጨፈረ፣ ሳላዲንንም ማንም አልጣለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 7 ግብ አስቆጥሮ ከቀዳሚዎቹ ግብ አስቆጣሪዎች ተርታ ቆመ። የመታ ይስታል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እግሩን የሰበሰበን ግን ይቅር አንልም፣ ምክንያቱም ፈሪ ነው ብለን እናምናለን።

ፈሪ ነው ብለው እንዲያምኑ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

አስቡት። «ገና ነው፣ እግሩ 75 ከመቶ ላይ ነው» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ኳስ ሲተው ያየ ሰው ሁሉ «ገና ነዋ» ይል ነበር። እኔ ግን «ድኗል» ብያለሁ። እግሩ ከዳነ፣ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ልቡ ነው፣ ባሕርዩ ነው። አንዲት ቃሌ የጉልበት ጉዳትን የባሕርይ ጉድለት አደረገችው። ልጁም ራሱ አመነበት። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያ ውስጥ «ጋሼ፣ እግሬ ድኗል አይደል? ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለኝ። እስከ ዛሬ የሰማሁት ከባድ ጥያቄ እሱ ነው።

ይህ የኛ ሜዳ ብቻ ችግር አይደለም። የብራዚሉ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1999 ለኢንተር ሚላን ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ተጎዳ፤ የሱ ከዘጠኙ የተለየው ጅማት ነው፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አምስት ወር ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2000 በኮፓ ኢታሊያ ፍጻሜ ላዚዮ ላይ ተቀይሮ ገባ። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆየ። ማንም ሳይነካው ወደቀ፣ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉ አልተጫወተም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ግብ አገባ፣ ሁለቱን በፍጻሜው ጀርመን ላይ። ሰው ሁሉ የሚያወራው የ2002ቱን ነው። ለኔ ሥራ ትምህርት ያለው የሰባት ደቂቃው ነው። በዓለም ካሉ ሐኪሞች ምርጦቹ ዙሪያውን ያሉለት ሰው እንኳ ከቸኮለ ይወድቃል፤ ጊዜ ሲሰጠው ደግሞ ያው ሰው ይነሳል።

ከቤታችንም ቀነኒሳ በቀለ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በባት ጡንቻ ጉዳት ሳይወዳደር ቆየ። በ2011 ዴጉ ላይ ሲመለስ 10 ሺውን አቋርጦ ወጣ። ያን ሌሊት «ቀነኒሳ አበቃለት» ያላልን እጃችንን እናውጣ! ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ። አበቃለት ባልንበት ቀን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ወደ ዘጠኙ ልመለስ።

ከስምንተኛው ጨዋታ በኋላ ወደ ሸዋ በር ገበያ ሄድኩ። እናቱ ከሽንኩርቷ ፊት በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠችኝ፣ ቁጢ አስመጣችልኝ። «ልጁ ባለፈው ሲሰለፍ እግሩ አልደረሰም ነበር። አውቅ ነበር። ድኗል ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ሽንኩርት ለምትጠይቅ ሴት መዘነች፣ መልስ ሰጠች። ከዚያ፣

«ወንድሜ፣ ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች በየቀኑ በዚህ ያልፋሉ» አለችኝ። «ልጅሽ ድኗል አይደል፣ ለምን አይጫወትም ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ልጄን ሲሰድቡት እየሰማሁ፣ ድኗል ያላችሁኝን ነው የምመልሰው። ለነሱ አንተ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ለእቁቡ ሴቶች፣ ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ማታ ማታ ስለ ኳስ ለሚያወሩት ጎረምሶች። ከዚያ ለአሰልጣኙና ለኃላፊዎቹ፣ በዚህኛው ጊዜ ደብተሩን ከፍቼ። ቀላል አልነበረም። አንዱ ኃላፊ «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?» አለኝ። ልክ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ለአራት ወር ከጨዋታ ወጣ። ሁለታችን ተቀምጠን ሦስት መስፈርት ጻፍን። አንደኛ፣ የጭኑ ልዩነት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች። ሁለተኛ፣ በአንድ እግር ዝላይ ከ90 ከመቶ በላይ። ሦስተኛውን በትምህርት ቤት በዚህ መልክ አልተማርኩትም፦ የሚፈራውን ነገር ስም ሰጥቶ ይነግረኛል። «ፈራሁ» ማለት አይበቃም፤ ምን ሲሆን? መጀመሪያ አልተናገረም። በሦስተኛው ሳምንት ተናገረ። «ኳስ ከላይ ስትመጣ፣ ተከላካይ ከኋላዬ ሲሆን፣ በቀኝ እግሬ ቆሜ ወደ ግራ ስዞር።» ያ ብቻ ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሰው ፈሪ ያለው ልጅ የሚፈራው አንድ እንቅስቃሴ ነው!

ያችን እንቅስቃሴ እንደ ፊደል አስቆጠርነው። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ በእርምጃ። ከዚያ በኳስ፣ ያለ ተከላካይ። ከዚያ የሰፈር ሕፃናትን ተከላካይ አደረግን፤ ማለዳ ከግንቡ ውጪ፣ የስምንት ዓመት ልጆች በቀሚሱ ላይ እየተንጠለጠሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ጉልበት አይሰብርም፣ ግን ከኋላ ይገፋል። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ትልልቆቹን አስገባን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። አራት ወሩ ሲሞላ በጤነኛው እግሩ 182፣ በተጎዳው 168 ሴንቲ ሜትር ዘለለ። 92 ከመቶ። የልብስ ሰፊውን ሜትር መለስኩለት።

የመጀመሪያ ግቡን ሲያገባ እዚያ ነበርኩ። ቆንጆ ግብ አልነበረም። ከማዕዘን የመጣች ኳስ ግርግር ውስጥ በቅልጥሙ ነክቷት ገባች። ተከላካዩ ከኋላው ነበር። በቀኝ እግሩ ቆሞ ነበር። ይህን ከሱና ከኔ በቀር በስታዲየሙ ውስጥ ያወቀ የለም።

ሰው ሁሉ «ወደ ድሮው ተመለሰ ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አልተመለሰም። በዚህ ዘመን ያገባው አራት ግብ ነው፣ ዐሥራ አራት አይደለም። ትንሽ ወደ ኋላ ወጥቶ ይጫወታል፣ ከድሮው የበለጠ ለሌሎች ያቀብላል። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች እስካሁን አልተመለሱም፣ ይመለሱ እንደሆነም ቃል አልገባለትም። ያ ልጅ የተጎዳ ድሮ ሳይሆን አዲስ ተጫዋች ነው። ድሮ ከነበረው ጋር ማወዳደር ያቆምን ቀን ነው እሱም መጫወት የጀመረው።

ለምን ይህን ሁሉ ለእናንተ አመጣሁት? እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ጉልበት አትለኩም። ግን ሁላችሁም «ድኗል፣ ደርሷል፣ ይችላል» የምትሉበት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። መምህራኖቻችን፣ በሕመም አንድ ዓመት አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ አለ። ወረቀቱ «ተመልሷል» ይላል። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሲወድቅ «ሰነፍ» እንለዋለን። ሰነፍ ነው ወይስ ገና 75 ከመቶ ላይ ነው? የለካው ማን ነው? መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ከወሊድ፣ ከሐዘን፣ ከአደጋ የተመለሰ ሠራተኛ አላችሁ። «ፈቃዱ አልቋል» እና «ደርሷል» አንድ አይደሉም።

ማኅበራችን ስለ ድጋፍ ሲነጋገር ብዙ ጊዜ መሣሪያ እንግዛ ይባላል። እኔ የምለምናችሁ ሦስት ቀላል ነገሮችን ነው።

አንደኛ፣ ሰው። ከመካከላችን የሠለጠኑ አሉ፤ በወር ሁለት ቅዳሜ ለሐረር ወጣት ተጫዋቾች በነፃ እንለካ። ሜትርና ደብተር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው ከውጤቱ ይለይ። ነጥብ የሚያስፈልገው ሰው «ድኗል» አይበል። እኔም የቡድኑ ወጌሻ ሆኜ ብቻዬን ማለት አልነበረብኝም። ቡድኑ ውስጥ የሌለ አንድ ሁለተኛ ሰው ይፈርም፤ ከማኅበራችን ይሁን።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። «ድኗል» የሚለውን ቃል እንተወው። በሱ ፈንታ «ይህን ይችላል፣ ይህ ይቀረዋል» እንበል። ረዘም ይላል፣ ግን ሰው አያስሰድብም።

ሽማግሌው ወጌሻ ያን ማታ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» ሲሉ ክብራቸው አልቀነሰም። ስማቸውን ዛሬም በአክብሮት ነው የማነሳው። እኔ የተማርኩት ሰው፣ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ «ገና ነው» ማለት አቃተኝ። ሁለት ቃል ናት። በሽንኩርት ገንዘብ የተሰፋ ጉልበት ሁለት ቃል ነበር የለመነኝ።

ዘጠኙ አሁን ልምምድ ላይ ነው። ዛሬ እዚህ እንደምናገር ያውቃል። ጠዋት ስንለያይ «ጋሼ፣ ምን ልትላቸው ነው?» አለኝ። «ስህተቴን» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አራቱን ግብም ንገራቸው እንጂ፣ አቦ!» አለኝ።

ነግሬያችኋለሁ።